ቤተልሔም በማን እጅ ናት? እስራኤላዊትስ ለምን አትገባም?

የሳሪሷ፦
ሰላም ለቤቱ። እናቴ ዘንድሮ ለገና ኢየሩሳሌም ልትሳለም ነው። ጎንደር አብራት ያደገች ጓደኛዋ ናታንያ ትኖራለች፤ በፈረንጅ 1991፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት በዘመቻ ሰሎሞን የሄደች ናት። በስልክ ሲያወሩ "ኢየሩሳሌም መጥቼ አገኝሻለሁ፤ ቤተልሔም ግን አልገባም፣ ለእኛ ክልክል ነው" አለቻት። እናቴ ግራ ገባት። "ቪዛዬ የእስራኤል፣ የእሷም ፓስፖርት የእስራኤል። እኔ እንግዳዋ ገብቼ እሷ የምትከለከለው በምን ሒሳብ ነው?" ትለኛለች። መልስ አጣሁላት። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ስድቡን ግን ተዉት።

የጽዮን ወዳጅ፦
ምኑ ያከራክራል? "አንቺ ቤተልሔም የይሁዳ ምድር" ነው የሚለው ወንጌሉ። የእስራኤል ናት፣ አለቀ።

ከደማስቆ በር፦
ወንድሜ፣ ወንጌሉን ለቅዳሴ እናቆየው። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር የሚያየው የ1995ን ካርታ ነው።

የሳሪሷ፣ እኔ የምኖረው ኢየሩሳሌም ነው። በገና ሰሞን ከሀገር ቤት የሚመጡ ተሳላሚዎችን ይዤ ቤተልሔም እወርዳለሁ። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ስለሆነ ያሳልፉኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጤም ለአይሁድና ለአረብ ትከፈል ሲል ቤተልሔምን ለአንዳቸውም አልሰጠም። ከኢየሩሳሌም ጋር ሆና በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር ትቆይ ነበር የተባለው። (በነገራችን ላይ፣ ያኔ ድምፀ ተዐቅቦ ካደረጉት 10 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።) አረቦቹ ዕቅዱን አልተቀበሉም። በ1948 ጦርነት ሆነ፣ ከተማዋም ዮርዳኖስ እጅ ገባች። በዚያ ጦርነት ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ከእነሱ የተወሰኑት የሰፈሩበት የዴሄይሻ ካምፕ ዛሬም ቤተልሔም ጥግ ላይ አለ። ድንኳኑ በብሎኬት ቤት ተተካ እንጂ ስሙ አሁንም ካምፕ ነው። በ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ደግሞ እስራኤል ያዘቻት።

የእናትሽ ጥያቄ መልሱ ያለው ግን የኦስሎ ስምምነት ላይ ነው። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንና የፍልስጤሙ መሪ አራፋት በ1993 በመጀመሪያው ስምምነት ላይ ተጨባበጡ። በ1995 የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ቤተልሔም ያለችበትን፣ እስራኤል በ1967 የያዘችውን ዌስት ባንክን "ኤ"፣ "ቢ" እና "ሲ" ብሎ ሦስት ቦታ ከፈለው። ኤ ከተሞቹ ናቸው፤ ፖሊሱም ማዘጋጃ ቤቱም የፍልስጤም አስተዳደር ነው። ቤተልሔም ኤ ውስጥ ናት፤ የእስራኤል ጦር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለቆ ወጣላት። ቢ ላይ የሲቪሉ ሥራ የፍልስጤም፣ ጸጥታው በዋናነት የእስራኤል ነው። ሲ 60 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ጸጥታውም የግንባታ ፈቃዱም በእስራኤል እጅ ነው። የእስራኤላውያን የሰፈራ መንደሮችም ያሉት እዚሁ ነው። ካርታውን ብታዪው ኤ እና ቢ በሲ የተከበቡ ከ160 በላይ ቁርጥራጮች ናቸው።

በ2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ሲነሳ ነው የእስራኤል ጦር ዜጎቹ ኤ ውስጥ እንዳይገቡ ያዘዘው። መግቢያዎቹ ላይ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትልቅ ቀይ ሰሌዳ ቆሟል። ለእስራኤል ዜጋ መግባት ክልክል ነው፣ ለሕይወትም ያሰጋል ይላል። ስለዚህ የእናትሽን ጓደኛ የከለከላት የራሷ መንግሥት ነው፤ ፍልስጤማውያኑ አይደሉም።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ክፍፍል ለአምስት ዓመት ብቻ የታሰበ ነበር። እስከ 1999 ድረስ የኢየሩሳሌም፣ የስደተኞች፣ የሰፈራና የድንበር ጉዳይ በድርድር ሊቋጭ ነበር። ራቢንን ሁለተኛውን ስምምነት በፈረመ ሁለት ወር ሳይሞላው የገዛ ወገኑ አክራሪ ገደለው። የፍልስጤሙ ታጣቂ ድርጅት ሐማስም ስምምነቱን ለማፍረስ አውቶቡስ ሲያፈነዳ ነበር። ሰፋሪውም አላቆመም። ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳንቆጥር፣ በ1993 ከ110 ሺህ ብዙም የማይዘለው ቁጥር ዛሬ ከ500 ሺህ አልፏል። ጊዜያዊ የተባለው ካርታ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

የራምላው፦
እስራኤል በእኛና በዌስት ባንክ መካከል ስለሠራችው ግንብም ተናገር እንጂ፣ ለምን እንደተሠራ! እኔ በ2002 ኢየሩሳሌም ነበር የምሠራው። አንድ ሰው ካፖርት ደርቦ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ፣ ፈንጂ ታጥቆ ይሆን ብለን የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ መቀመጥ ይሻላል፣ ከኋላ ይሻላል እያልን እንከራከር ነበር፤ አስበው። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ፍንዳታው ቀነሰ። በዚያው በ2002 የፍልስጤም ታጣቂዎች ቤተልሔም የሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተው 39 ቀን መከበባቸውንስ ለምን ዘለልከው? ኦክቶበር 7፣ 2023 በሐማስ ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ካለቀብን በኋላ "ኬላውን አንሱ" የሚለኝን ሰው መስማት አልችልም።

ከደማስቆ በር፦
የካፖርቱን ነገር እኔም አልረሳሁትም። ፍንዳታው መቀነሱም እውነት ነው። ኬላውን አንሱ አላልኩም፣ አንተ ነህ ያልከው።

የግንቡን አካሄድ ግን እይ። እስራኤልን ከዌስት ባንክ በሚለየው በ1949ኙ የተኩስ አቁም መስመር (አረንጓዴ መስመር) ላይ ቢያልፍ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። አብዛኛው የታቀደለት መስመር የሚሄደው ዌስት ባንክ ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 ባወጣው አስተያየት ሕግን ይጥሳል ያለውም ይህንኑ አካሄድ ነው። ቤተልሔም ላይ ታጥፎ የራሔልን መቃብር ወደ ኢየሩሳሌም በኩል ያስገባዋል። የቤተልሔም ጎረቤት የሆነችው የቤት ጃላ ከተማ ክርስቲያኖች ከወይራ ማሳቸው በግንቡ ምክንያት ተለያይተዋል። ለእነሱ እንግዲህ ፍንዳታና ካፖርት ምናቸው ነው? ከኦክቶበር 7 በኋላ ደግሞ ቤተልሔምን ከኢየሩሳሌም በሚለየው በኬላ 300 በኩል ወደ እስራኤል ለሥራ ይሻገር የነበረው አብዛኛው ሠራተኛ ፈቃዱ ታገደበት። ጋዛ ውስጥ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ አንተ የራስህን ሙት እንደምትቆጥር እነሱም ይቆጥራሉ።

የራምላው፦
ስለ ቤት ጃላ ያልከው ልክ ነው። በሌላው አንስማማም።

የሳሪሷ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ አሁን ገባኝ፤ ላስረዳት። ቤተልሔም ለመግባት ሌላ ቪዛ ታወጣለች? ብሩንስ የት ነው የምትመነዝረው?

ከደማስቆ በር፦
ሌላ ቪዛ የለም። የፍልስጤም አስተዳደር ራሱ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ መግቢያ የለውም፤ ወደ ቤተልሔም የሚገባ እንግዳ የሚያልፈው እስራኤል በምትቆጣጠረው በር ነው። ገንዘቡም ያው ሼቄል ነው፣ አንዴ ከመነዘረች ይበቃል። ሲገቡ ብዙም አይጠይቁም፤ ጥያቄው ሲመለሱ ነው። ስለዚህ ፓስፖርቷን አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳትልከው፣ እጇ ላይ ትያዝ። ቤተልሔም ኮረብታ ላይ ናት፤ የገና ዋዜማ ሌሊት ይቆረጥማል፣ ጋቢ አይቅር። ከጓደኛዋ ጋር በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ይገናኙ። ምዕራብ ኢየሩሳሌም ስለሆነ ለሁለቱም ኬላ የለበትም።