ውሃ መጥቷል፣ ሸረሪቷ ግን ቧንቧው ላይ ናት! ቶሎ መልሱልኝ

የከዚራዋ፦ አቦ ድረሱልኝ! ውሃ በአራተኛ ቀኑ አሁን መጣ፣ በርሜሉ ባዶ ነው። ልከፍት ብሄድ ቢጫና ጥቁር ሽንትር ያላት ትልቅ ሸረሪት ተንሰራፍታለች። የልጄም አንገት ትናንት ውሃ ቋጥሮ አደረ፣ ሸንታበት ነው። ምን ልርጭባት?

አቦ ድሬ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው፣ ቧንቧም ያስራል እንዴ? ሃሃሃ

የሳቢያን ልጅ፦ ፍሊት ንፊባት።

መምህሩ፦ በመጀመሪያ ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም፤ የነፍሳት እግር 6 ነው፣ የእሷ 8። ያየሻት ሴቷ ናት፣ ወንዱ ከአጠገቧ ሲታይ ኢምንት ነው። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ድሩ መሃል ትቀመጣለች፣ ከሥሯም ነጭ ዚግዛግ ክር ይኖራል። አሮጌውን ድር ራሷ በልታ እንደገና…

የሳቢያን ልጅ፦ መምህር፣ ውሃው ሊሄድባት ነው! ፍሊት አልኩ እኮ።

የሎሚ ጓሮ፦ ድሩ ከምን እስከ ምን ነው የተወጠረው?

የከዚራዋ፦ ከቧንቧው እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ። ጭንቅላቷን ማን ቀርቦ ያያል!

ሲስተር፦ በልጁ ነገር አልስማማም። የሸረሪት ሽንት ቆዳ አያቃጥልም። «ሸረሪት ሸናችብኝ» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ማታ መብራት ተከትላ የምትመጣ ቀይና ጥቁር ቀጭን ጥንዚዛ አንገታቸው ላይ ጨፍልቀው ነው፤ የሚያቃጥለው የእሷ ፈሳሽ ነው። ትልልቅ ሰዎች ላይ አልማዝ ባለጭራ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በሳሙና እጠቢለት፣ በነካካበት እጁ ዓይኑን እንዳያሽ። ካተኮሰው ወይም ወደ ዓይኑ ከተጠጋ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የከዚራዋ፦ እናቴ ግን ሸረሪት ነው ያለችው።

የሎሚ ጓሮ፦ የምትጠጪበት ቧንቧ ላይ ፍሊት? ተይ እህቴ! የመጥረጊያ እንጨት ያዢ፣ በገመዱ በኩል ያለውን ክር በጥሺና ድሩን ከነሷ ጠቅልለሽ ዛፍ ላይ አድርጊያት። ድሩን ብትነቀንቅ ወይም በክር ወደ መሬት ብትወርድ አትደንግጪ፣ ፈርታ ነው። ብትነክስሽም ብዙውን ጊዜ ከንብ አይብስም። እኔ ሎሚዬ ላይ ሁለት አሉኝ፣ ዝንቡንና ፌንጣውን ይለቅሙልኛል።

አቦ ድሬ፦ ሁለት? ኪራይ ተቀበያቸው!

የሳቢያን ልጅ፦ ፍሊት።

መምህሩ፦ የእንቁላል ከረጢት ካየሽ ደግሞ…

አቦ ድሬ፦ የከዚራዋ፣ በርሜሉ ሞላ?

የሳቢያን ልጅ፦ እኛ ጋ ውሃው ሄደ።