የጎድን ጥብስ ስጎ አስቸግሮኛል፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ነው። የዚህ ከተማ የባርቤኪው (የፍም ጥብስ) ስጎ ቲማቲምና ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) የበዛበት፣ ወፍራምና ጣፋጭ ነው። የአሳማ ሥጋ ስለማንበላ የምጠብሰው የበሬ ጎድን ነው። ስጎውን በ2 ኩባያ ኬችአፕ፣ በግማሽ ኩባያ ኮምጣጤ፣ በግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት በርበሬ እሠራለሁ። በርበሬው እናቴ የላከችልኝ ነውና እሱን ተዪው የሚለኝን አልሰማም!

ግማሽ ሰዓት በመለስተኛ እሳት ከተንተከተከ በኋላም ኮምጣጤው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስኳር ስጨምርበት ደግሞ ሥጋው ሳይበስል ስጎው ፍም ላይ ያርራል። የሚቀባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው? ስንት ደቂቃ ሲቀረው? ኮምጣጤውንስ ልቀንሰው ወይስ በሞላሰስ ላለዝበው? ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። የተዘጋጀውን ከሱቅ ግዢ እንዳትሉኝ፤ እሱን ባለቤቴም ብሎኛል።