ከድንጋይ አቅራቢዬ ጋር ያለኝን ውል ምን ላድርገው?
በለገጣፎ አካባቢ አነስተኛ የግቢ ማስዋብ ሥራ አለኝ፤ የንጣፍ ድንጋይ የምገዛው ከአንድ አቅራቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ድንጋይ ልመርጥ ድንጋዩ ተፈልጦ የሚወጣበት ካባ ድረስ ስሄድ፣ ከገጠር በደላላ የመጡ ወጣቶች መታወቂያቸው በአሠሪው እጅ እንደተያዘና የትራንስፖርትና የምግብ ዕዳ እየተባለ ለሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላቸው ነገሩኝ። አንደኛው ገና ልጅ ነው፤ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 በግዴታ ማሠራትን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን እንደሚከለክሉ አውቃለሁ። የቸገረኝ ግን ውሉን ወዲያው ባቋርጥ ልጆቹ የሠሩበትን ሳያገኙ እንዳይበተኑ መፍራቴ ነው፤ ዝም ማለትም ተባባሪነት ነው። መጀመሪያ ለፖሊስ ላመልክት ወይስ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ? አቅራቢን ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል የተፈራረማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንቀጹን አካፍሉኝ።