ደሴ ላይ አሮጌ ባንጆ አገኘሁ፤ ልግዛው?

ባለክራር፦
ሰላም ወገን። ፒያሳ አካባቢ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ጋ አሮጌ ባንጆ (ክብ ፊትና ረጅም አንገት ያለው የክር መሣሪያ) ለሽያጭ አየሁ። ባለ አምስት ክር ነው። አንገቱን ፈልፍለው ነጭ ዛጎል አስገብተውበታል፤ ኮከብና ቅጠል። ሁለት ኮከቦች ወልቀዋል። ጠጋኙ ዋጋው 18 ሺህ ብር ነው አለኝ። ከክራር ሌላ ተጫውቼ አላውቅም፣ ግን ልቤ እዚያው ቀርቷል። ምኑን ልይ?

የኮምቦልቻው አናጢ፦
ወንድሜ፣ ከጌጡ በፊት አንገቱን እይ። ከጫፉ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ታች ተመልከት። ከጎበጠ ተወው። ዛጎሉን ብርሃን ላይ አዟዙረው፤ የእውነቱ ቀለሙ ይለዋወጣል። የወለቀውን መተካት ይቻላል፣ ጠማማ አንገት ግን ብዙ ያስወጣል።

መሰንቆ ወዳድ፦
ፊቱ የከብት ቆዳ ከሆነ እንደ መሰንቋችን ነው። በደሴ ክረምት እርጥበት ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ደግሞ ባንጆ መነሻው አፍሪካ ነው። በባርነት የተጋዙ ወገኖቻችን ናቸው ካሪቢያንና ሰሜን አሜሪካ ላይ የሠሩት። እኔ ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በባቲ ቃኝተህ ሞክረው።

ባለክራር፦
ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛጎሉም አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሮዝ ይላል። 15 ሺህ ላይ ተስማማን። እዚያው በአምባሰል ቃኝቼ ጥቂት ነካካሁት። ሰውየው ሥራውን አቁሞ አዳመጠኝ።