መሮጥ ለማትችል እናቴ የልብ ምርመራ፦ የምታውቁ እባካችሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። እናቴን ደረቷን ጭምድድ ያደርጋታል፣ ሐኪሙም ልቧ ጫና ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን በአልትራሳውንድ መታየት አለበት አለ። ጉልበቷ ግን አልቋል። ከአዘዞ ፒያሳ ስንመጣ ታክሲ ላይ ደግፈን ነው የምናወጣት፣ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ መሮጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በደም ስር በሚሰጥ መድኃኒት ይሠራላት ተባለ።

የጨነቀኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። አስም አለባት፣ ፓፏ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚውለው። ለዚህ ምርመራ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አዴኖሲንና ዳይፒሪዳሞል የልብን ደም ስሮች ያሰፋሉ፣ አስም ያለበት ሰው ላይ ግን የአየር ቧንቧን ሊያጠብቡ ይችላሉ። ዶቡታሚን ደግሞ ልብን ልክ እንደሮጠ ሰው ያስመታል፣ መጠኑም በየ3 ደቂቃው እየጨመረ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በደቂቃ እስከ 40 ማይክሮግራም ይደርሳል። ለእሷ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

ችግሩ ለግፊት አቴኖሎል ትወስዳለች፣ እሱ ደግሞ የልብ ምት እንዳይጨምር ይይዛል። ለምርመራው ስንት ቀን ሲቀር ነው የሚቆመው? በድንገት ማቆም አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ ሳያዝ አልነካውም፣ ግን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ቡናስ? ለአዴኖሲን ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት መተው አለበት፣ ለዶቡታሚንም እንዲሁ ነው? እሷ አቦል ካመለጣት ራሷን ያማታል።

በዶቡታሚን ያስመረመራችሁ ካላችሁ መድኃኒቱ ሲገባ ምን እንደተሰማችሁ ንገሩኝ፣ በጣም ፈርታለችና አስቀድሜ ልነግራት እፈልጋለሁ።