የ9 ወሩ ክትባት ነው የሚያሰጋው ወይስ ኩፍኙ?

እናት ከማርቆስ፦
ሰላም እንዴት ዋላችሁ፣ ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት 9 ወር ይሞላዋል፣ ካርዱ ላይ ኩፍኝ ይላል። የ14 ሳምንቱን ጭኑ ላይ ሲወጋ ሌሊቱን ሙሉ አተኩሶት ሲያለቅስ አደረ እግሩም አበጠ፣ አማቴ ደሞ ኩፍኝ ለማንም ይወጣል ቡና አፍልቶ ጨለማ ቤት ማስተኛት ነው ይላሉ። በጣም ፈርቻለሁ፣ የቱ ይብሳል?

ነርስ ቡሬ፦
እታለም የጭኑና የኩፍኙ አይገናኙም። የኩፍኙ ክንድ ላይ ነው፣ ትኩሳት ቢመጣ እንኳ ያን ለት ሳይሆን ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ነው፣ ትንሽ ሽፍታም ሊወጣው ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። በትኩሳቱ የሚንቀጠቀጥ አለ፣ ከ3 እና 4 ሺ ልጅ አንዱ፣ ያስደነግጣል ግን ጉዳት ጥሎ አይሄድም። ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን አንድ ቢገኝ ነው። ኩፍኙ ግን ከያዛቸው 20 ልጆች አንዱን ሳንባ ምች ላይ ይጥላል፣ ከ1000 አንዱን አንጎሉን ያስቆጣል፣ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ደሞ አይኑን ያሳጣል። ካልተከተበ ምንም አይነካውም እንዳትዪ፣ ታማሚው ከቤቱ ወጥቶ እንኳ በሽታው ለ2 ሰአት ያህል አየሩ ላይ ይቆያል፣ ያልተከተቡ 10 ቢያገኝ 9ኙን ይይዛል።

ሞጣ፦
የጎረቤቴ ልጅ ተከትቦ ነው የወጣበት፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ነርስ ቡሬ፦
አንዱን ብቻ ወስዶ ይሆናል። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች የሚይዝላቸው ወደ 85 ነው፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ስላላለቀ ክትባቱን ያዳክመዋል። ለዛ ነው ከ2011 ጀምሮ የ15 ወሩ የተጨመረው፣ እሱን ብዙ ሰው ይተወዋል።

የቢቸና ልጅ፦
እህቴ አማትሽን አትቆጫቸው ግን እሳቸው የሚያዩት የተረፉትን ነው። እናቴ ከኔ በላይ የነበረችውን ልጇን በኩፍኝ ነው ያጣች። ቡናው ተፈላ፣ መስኮቱ በጋቢ ተጋረደ፣ ኩፍኝ የወጣበት መርፌ አይወጋም ተብሎ ጤና ጣቢያም ሳትሄድ ትንፋሽ አጥሯት ጎኗ እየገባ እየወጣ በሶስተኛው ቀን ሞተች። እናቴ አሁንም ስሟን አትጠራም። በእግዜር ስም አስከትቢው።

አባት ከደጀን፦
የኔ 1 አመት ከ2 ወር ሆኖታል፣ የ9ኙን አልወሰደም፣ አለፈው በቃ?

ነርስ ቡሬ፦
አላለፈውም ወንድማለም ውሰደው፣ ቀጣዩን መቼ እንደሆነ እዛው ካርዱ ላይ ይፅፉልሃል። ቀኑን ግን ቀድመህ ጠይቅ፣ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ልጅ ነው፣ ከተከፈተ በ6 ሰአት ስለሚጣል ልጆች ሰብስበው ነው የሚከፍቱት።