ለመሬት አጠቃቀም ፕሮፖዛሉ፦ የሁለት ዓመት ምስል ብቻ አይበቃንም

ሰላም ለሁላችሁ፣ ድራፍቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሀሳቡ ደስ ይላል ግን ሜቶዶሎጂው አሳስቦኛል። የ1990 እና የ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የላንድሳት ሳተላይት ምስል ወስደን እናነጻጽራለን ነው የሚለው አይደል? ደረቅ አካባቢ ላይ ይሄ ጉድ ነው የሚሠራን። አንዱ ምስል ዝናብ በጣለ በሁለት ሳምንቱ፣ ሌላው በድርቅ ዓመት የተነሳ ከሆነ እኮ የምናየው ሳሩ መብቀል አለመብቀሉን ነው። እኔ አንዴ እንደዚህ አድርጌ ሰፊ የግጦሽ መሬት ባዶ ሆነ ብዬ ካርታውን በሙሉ ቀይ ቀብቼው ነበር፣ የቀጣዩን ዓመት ምስል ስከፍት ያው ቦታ ለምልሞ አገኘሁት፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ታይም ሲሪስ (የብዙ ዓመት ተከታታይ ምስል) ይሁን። የላንድሳት 5 የ30 ሜትር ምስል (አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 30 በ30 ሜትር የሚሸፍን) ከ1984 ጀምሮ አለ፣ አርካይቩ ከ2008 ወዲህ በነጻ ነው፣ ከ2015 ወዲህ ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ተጨምሯል (ላንድሳት 7ን ግን ከ2003 በኋላ መስመር መስመር ስለሚዘልል ለብቻው አንመን)። የየዓመቱን እርጥብና ደረቅ ወቅት ለየብቻ እናዘጋጅና ከ1981 ጀምሮ ካለው የቺርፕስ የዝናብ ዳታ ጋር እናስተያየው፣ ዝናቡ የሚያስረዳውን ስናወጣ የሚተርፈው ነው ሰው ያመጣው ለውጥ ሊሆን የሚችለው።

— እኔም እስማማለሁ። ግን ኤንዲቪአይ (የተክል አረንጓዴነት መለኪያ) ብቻ ነው የተጻፈው፣ ተክሉ በሳሳበት ቦታ የአፈሩ ነጸብራቅ ያዛባዋል፣ የአፈሩን ተጽዕኖ የሚቀንሰው ሳቪ የሚባለው መለኪያም ይግባ። ደግሞ ጦም ያደረ ማሳና ጭራሽ የተተወ ማሳ በአንድ ዓመት ምስል አይለዩም፣ ቢያንስ የአራት አምስት ዓመት ተከታታይ ማየት አለብን።

— ልክ ነሽ፣ ሁለቱንም አስገባለሁ። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ አገገመ እንዳንልም እፈራለሁ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የወረረው ግጦሽ ከላይ ሲታይ የለማ ይመስላል፣ ታች ስትወርዱ እሾሁ ከብት አያሳልፍም፣ ሥሩም ሳር የለም። ሳሩ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ስለሚቆይ የደረቁ ወቅት ምስል ይጠቁመናል፣ ግን ሌሎች ቅጠላቸውን የማይጥሉ ዛፎችም ስላሉ መስክ ሳይወጣ አይረጋገጥም። ለዚህ የያዝነው አምስት ቀን በጣም ትንሽ ነው፣ ከወርክሾፑ በጀት ቀንሰን ወደዚህ እናዙር። የምናያቸው ነጥቦች ከየክላሱ (ካርታው ላይ ከለየነው ከእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት) በዕጣ ይመረጡ፣ መስክ የሚወጣው ሰው ካርታችን ምን እንዳለ ሳያውቅ ይመዝግብ፣ አርብቶ አደሮቹም ቦታው ድሮ ምን እንደነበር ይጠየቁ።

ሜቶዶሎጂውን እኔ እስከ ሐሙስ እጽፈዋለሁ። የመስኩን ፎርም ማን ይያዝልን?